ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ወረቀትዎን ያውጡ፦ የቆየ የወንጀል ሪከርድ ይዞ ከአሜሪካ ለመውጣትና በሰላም ለመመለስ

አርብ ማታ አንድ የዕድራችን አባል ደወለልኝ። እህቱ ከአዲስ አበባ «አባባ ደክመዋል፣ ድረስ» ብላዋለች። ለቅዳሜ ትኬት ቆርጧል፤ ሻንጣውም ተዘግቷል። ልክ ሊተኛ ሲል አንድ ጓደኛው «ያቺ የሱቁ ጉዳይ እኮ አለችብህ፤ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ይይዙሃል» አለው። ሰውየው ያለው ግሪን ካርድ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ዕቃ ሳይከፍል ወጥተሃል ተብሎ ጥፋተኛ ተብሏል። አንድም ቀን ግን አልታሰረም።

እኔ ፍርድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ስለዚህ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዳኛው ስንት ፈረደብህ?» ዝም አለ። አያስታውስም። ወረቀቱም የለውም። የሚያውቀው በገደብ መለቀቁን ብቻ ነው። የፍርድ ቤቱ ቢሮ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ትኬቱን ሰረዘ። አባቱ እሑድ አረፉ።

ማክሰኞ ወረቀቱ እጁ ገባ። «60 ቀን እስራት፣ ሙሉው በገደብ» ይላል። አንዲት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «መሄድ ትችል ነበር» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ወረቀትህን አውጣ፣ ወረቀትሽን አውጪ» እላለሁ። መርዶም ሆነ የሕመም ስልክ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ከዚህ በታች ያለውን ስልኩ ሳይደወል፣ ደህና ቀን ላይ ይሥሩት።

መጀመሪያ፦ በምን ወረቀት እንደሚኖሩ ይለዩ

የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ወደ አሜሪካ መመለስ መብትዎ ነው። በድሮ ጥፋት በሩ አይዘጋብዎትም። ሊያስጨንቅዎ የሚገባው የሚሄዱበት አገር ያስገባኛል ወይ የሚለው ነው። ፓስፖርቱን ራሱን የሚያስከለክሉ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ። በከባድ ወንጀል የወጣ የእስር ማዘዣ ካለብዎት፣ ፍርድ ቤት ወይም የፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ በክትትል የመቆየት) ግዴታዎ ከአገር እንዳይወጡ ካዘዘ፣ ድንበር ተሻግሮ በተፈጸመ ከባድ የዕፅ ወንጀል ተፈርዶብዎት ቅጣቱን ገና ካልጨረሱ ፓስፖርት ላይሰጥዎት ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ፤ ከ2,500 ዶላር በላይ ያልተከፈለ ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ማሳደጊያ) ያለበት ሰው ፓስፖርት አይሰጠውም። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ግን ጉዞ ሲያስቀር በዓይኔ አይቻለሁ። በሕፃናት ላይ በተፈጸመ የወሲብ ወንጀል የተመዘገበ ሰው ደግሞ በ2016 በወጣው ሕግ መሠረት ከመጓዙ ከ21 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት፤ ፓስፖርቱም ላይ ምልክት ይደረግበታል።

ግሪን ካርድ ከሆነ ያለዎት እዚህ ጋ ረጋ ብለው ያንብቡ።

የአሜሪካ ሕግ ሁለት ዝርዝር አለው። አንደኛው አገር ውስጥ ያለን ሰው የሚያስባርሩ ጥፋቶች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው በር ላይ የቆመን ሰው እንዳይገባ የሚያደርጉ ጥፋቶች ዝርዝር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለአጭር ጊዜ ወጥቶ ሲመለስ በአብዛኛው እንደ አዲስ ገቢ አይታይም። በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ያለ ጥፋት ካለበት ግን ልክ ዛሬ ገና ልግባ እንዳለ ሰው ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሰው ለራሱ የያዘው ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ተገኝቶበት አንድ ጊዜ ብቻ ጥፋተኛ ተባለ እንበል። እዚሁ አሜሪካ ቁጭ ካለ በዚያ ብቻ አያባርሩትም፤ ሕጉ ይህችን አንዷን ነገር ለይቶ ትቶለታል። ወጥቶ ሲመለስ ግን ያ ምሕረት የበሩ ዝርዝር ውስጥ የለም። ተቀምጦ ሳለ ማንም የማይነካው ሰው አዲስ አበባ ደርሶ በመመለሱ ብቻ ችግር ውስጥ ይገባል። ግሪን ካርድ ካገኘ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ የስርቆት ጥፋት የፈጸመ ሰውም እንደዚሁ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ላይባረር ይችላል፤ በር ላይ ግን ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ስለ ማሪዋና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። የፌዴራሉ ሕግ ግን አልፈቀደም፤ ድንበሩ ደግሞ የፌዴራል ነው። ዜጋ ካልሆኑ «እኛ ስቴት ሕጋዊ ነው» የሚለው መልስ ኤርፖርት ላይ አይሠራም። ያልተከሰሱበትን ነገር በአፍዎ ማመንም ራሱን የቻለ ጣጣ ያመጣል።

በጣም የቆየ ጉዳይ ላለባቸው ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ፍርድ አለ። ፓናጊስ ቫርቴላስ የሚባል ግሪካዊ ግሪን ካርድ ይዞ ኒው ዮርክ ይኖር ነበር። በ1994 ጥፋተኛ ነኝ አለ። በ2003 ለአንድ ሳምንት ግሪክ ሄዶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ያዙት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በ2012 «በ1996 የወጣው ጥብቅ ሕግ ከዚያ በፊት ጥፋቱን ባመነ ሰው ላይ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም» ብሎ ፈረደለት። የእርስዎም ጉዳይ ከዚያ ሕግ በፊት ያለቀ ከሆነ ለጠበቃዎ ይህን ስም ያንሱላቸው።

በጥገኝነት እየኖሩ ገና ግሪን ካርድ ያላገኙ ከሆነና ሪከርድ ካለብዎት፣ ያለ ጠበቃ ምክር ከአገር አይውጡ። ወደ ኢትዮጵያ መሄዱ ራሱ የጥገኝነቱን ጉዳይ ሊያስነሳ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን ማውጣት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሰው ስለ ራሱ ክስ የሚያስታውሰውና ወረቀቱ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ያ ቀን የድንጋጤ ቀን ነበር። የተባለው ሁሉ በአስተርጓሚ አፍ ነው ያለፈው። «ውድቅ ሆነልኝ» ያለኝ ሰው ወረቀቱ ሲታይ ጥፋተኛ ተብሎ ተገኝቷል። «ተፈረደብኝ» ያለችኝ ሴት ደግሞ ክሱ ተነሥቶላት ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በከንቱ ስትሳቀቅ ኖራለች።

የተከሰሱበት ፍርድ ቤት ይሂዱ። ክለርክ ቢሮ የሚባለውን ይጠይቁ። ስምዎን በጊዜው እንደተጻፈው ያቅርቡ፤ የእኛ ስም ሲጻፍ የአባትና የአያት እየተቀያየረ፣ ፊደሉም እየተዛባ ስለሚገባ ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይዘው ይሂዱ። የልደት ቀንና ከተገኘ የመዝገብ ቁጥሩ ይረዳል። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የክሱን ወረቀትና የመጨረሻውን ውሳኔ፣ ዲስፖዚሽን የሚሉትን። ሁለቱም ሰርተፋይድ ኮፒ ይሁኑ፤ ማኅተም ያለበት ማለት ነው። ከኢንተርኔት የታተመ ወረቀት ለራስዎ ለማወቅ ይጠቅማል፤ ለኤርፖርት ግን ማኅተሙ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ብቻ አይውሰዱ። ሦስት ይውሰዱ።

በተለያየ ከተማ ወይም ስቴት ጉዳይ ከነበረብዎት፣ ወይም የቱ ጋ እንደሆነ ከጠፋዎት፣ ከኤፍቢአይ የራስዎን ሪከርድ ማስወጣት ይችላሉ። ክፍያው 18 ዶላር ነው። አሻራ ይጠይቃል፤ አሻራውን የሚወስዱ ፖስታ ቤቶች አሉ። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ መያዝዎ ይታይና መጨረሻው ባዶ ይሆናል። ኤርፖርት ላይ መኮንኑ የሚያየውም እንዲህ ያለውን ነው። ባዶውን የሚሞላለት የእርስዎ ሰርተፋይድ ኮፒ ነው። ለዚህ ነው ክሱ የተነሣለት ሰው እንኳ ወረቀቱን መያዝ ያለበት።

አንዳንድ ፍርድ ቤቶች የቆዩ መዝገቦችን ከዓመታት በኋላ ያስወግዳሉ። እንደዚያ ከሆነብዎት «መዝገቡ የለም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያጽፉ።

ሪከርድዎን ኤክስፐንጅ ሊያስደርጉ፣ ማለትም ሊያሰርዙ፣ እያሰቡ ያሉ ካሉ ደግሞ አደራ፦ ከመሰረዙ በፊት ሰርተፋይድ ኮፒዎቹን ያውጡ። ከተሰረዘ በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሊሰጥዎ አይችልም። ኢሚግሬሽን ግን መጠየቁን አያቆምም።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚታይ

ለእኛ ሰው በጣም የሚያምታታው «በገደብ» የሚለው ነው። ዳኛው 12 ወር ፈርዶ ሙሉውን በገደብ ሊያደርገው ይችላል። ሰውየው ከችሎት ወጥቶ ቤቱ ይሄዳል፤ ሚስቱ «እግዜር ይመስገን» ትላለች። እኛ አገር በገደብ ተለቀቀ ከተባለ ነገሩ አለቀ እንላለን። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ገደቡን አይቆጥርም። የተፈረደውን 12 ወር እንደታሰረ አድርጎ ነው የሚያነበው።

ለምን ይህን ያህል አስረዝማለሁ? ሕጉ ትንንሽ ጥፋቶችን የሚያልፍበት አንድ ቀዳዳ አለ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ ለዚያ ጥፋት ያስቀመጠው ከፍተኛ ቅጣት ከአንድ ዓመት ካልበለጠ፣ የተፈረደብዎት ደግሞ ከስድስት ወር ካልበለጠ፣ በሩ ላይ ያንን ጥፋት ያልፉልዎታል። የዕድራችን አባል 60 ቀኑ ያዳነው በዚህ ነው። ያው ጥፋት፣ ያው ፍርድ ቤት፣ ግን «12 ወር ሙሉው በገደብ» ቢል ኖሮ ቀዳዳው ይዘጋበት ነበር። ስርቆትን በመሰሉ አንዳንድ ወንጀሎች እንዲያውም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲፈረድ አግራቬትድ ፌሎኒ ወደሚባለው ከሁሉም የከፋ ምድብ ሊያስገባ ይችላል። አንድም ቀን ሳይታሰሩ ማለት ነው።

ይህ ቀዳዳ ለዕፅ ጥፋት አይሠራም። የሚሠራው ሕጉ ሞራል ተርፒቱድ ለሚለው፣ በግርድፉ ነውር ያለበት ወንጀል ለምንለው ነው። ስርቆትና ማጭበርበር እዚያ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ጊዜ ጠጥቶ መንዳት፣ ሌላ የሚያከብደው ነገር ከሌለ፣ በአብዛኛው አይገባም። የቤተሰብ ጠብ እንደ ወረቀቱ አጻጻፍ ይለያያል። ስለዚህ የተከሰሱበትን የሕግ ቁጥር ይፈልጉ። «ከሚስቴ ጋር ተጨቃጭቄ» ከሚል ታሪክ ይልቅ ለጠበቃ የሚጠቅመው ያ ቁጥር ነው።

ሜሪላንድ የምትኖሩ ፒቢጄ የሚለውን ታውቁታላችሁ። ዳኛው የጥፋተኝነቱን ፍርድ ትቶ ፕሮቤሽን ይሰጣል። ስቴቱ «አልተፈረደበትም» ይላል። ኢሚግሬሽን ግን ጥፋቱን አምነው ወይም ተረጋግጦብዎት ዳኛው ማንኛውንም ግዴታ ከጣለብዎት እንደ ተፈረደበት ሊቆጥርዎ ይችላል። ኤክስፐንጅ የተደረገውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ፎርም ላይ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ሲባል «ተሰርዞልኛል» ብለው አይ የሚለውን አይሙሉ። ጥፋቱ ሊታለፍ የሚችል ሆኖ ሳለ በውሸቱ የተቀጣ ሰው አለ። ቪዛ ለማግኘት የዋሸ ሰው ከአሜሪካ ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል። ከኢትዮጵያ ሆነው የአሜሪካ ቪዛ የሚጠይቁ ዘመዶችም ዲኤስ-160 በሚባለው የቪዛ ፎርም ላይ ይህ ጥያቄ ይመጣባቸዋል፤ ምሕረት የተደረገበትን ጭምር ነው የሚጠይቀው።

አራተኛ፦ ትክክለኛው ጠበቃ ጋ መሄድ

ክሱን የያዘልዎት ጠበቃ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ላይሆን ይችላል። ፎርም የሚሞላልን ሰው ደግሞ ጨርሶ ጠበቃ አይደለም። በሰፈራችን ይህን ሥራ የሚሠሩ ደግ ሰዎች አሉ፤ ለልጅ ትምህርት ቤትና ለቤት ማመልከቻ ይጠቅማሉ። ለዚህ ጉዳይ ግን አይሂዱባቸው።

ለኢሚግሬሽን ጠበቃዋ ወረቀቱን ይስጡና ሦስት ነገር ይጠይቁ። ወጥቼ ብመለስ ይህ ጥፋት በር ላይ ያስይዘኛል? መታለፍ የሚችል ከሆነ ይህንኑ በአጭር ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ? ዜግነት ባመለክትስ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ዜግነት ከያዙ የመመለሱ ጭንቀት ይቀራል። ግን ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ሲያስገቡ ፋይልዎ በሙሉ ይከፈታል። ማባረሪያ የሚሆን ጥፋት ካለ በራስዎ እጅ አቀረቡት ማለት ነው። ስለዚህ ጠበቃ መጀመሪያ፣ ፎርሙ ኋላ።

ወንጀሉ ሲዳኝ ጠበቃዎ ስለ ኢሚግሬሽን አንድም ቃል አልነገሩዎትም? ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ፓዲያ በሚባለው ጉዳይ ጠበቃ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። ፓዲያ ከሆንዱራስ የመጣ፣ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የዘመተ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ አያባርሩህም» ብሎት ጥፋቱን አመነ። የእርስዎ ጉዳይ ከ2010 ወዲህ ከሆነና እንደዚህ ከተደረጉ፣ ውሳኔውን እንደገና የማስከፈት መንገድ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። ለቆዩት ይህ ፍርድ በራሱ ወደ ኋላ አይሠራም።

አምስተኛ፦ የሚሄዱበትና የሚያልፉበት አገር

አንዱ አገር የናቀውን ጥፋት ሌላው እንደ ትልቅ ነገር ይይዘዋል። ከሁሉም የሚገርመው ካናዳ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ ቶሮንቶ ለጓደኛው ሠርግ ሚዜ ሊሆን በመኪና ሄደ። ሱፉ ከኋላ ተሰቅሏል። የአሜሪካ ዜጋ ነው። ድንበሩ ላይ ፓስፖርቱን ሰጠ፤ መኮንኑ ኮምፒውተሩን አየና «ወደ ውስጥ ግባ» አለው። ከሦስት ዓመት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ዲዩአይ ተፈርዶበታል። አሜሪካ ውስጥ መቀጫ ከፍሎ፣ ኮርስ ወስዶ የረሳው ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ ግን ከ2018 ዲሴምበር 18 ጀምሮ ጠጥቶ መንዳት እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ሆኗል። የካናዳ ድንበር መኮንኖች ደግሞ የአሜሪካን የወንጀል መዝገብ ማየት ይችላሉ። ሚዜው ከድንበር ተመለሰ። ሠርጉን በስልክ ነው ያየው።

ካናዳ ለመግባት ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው ቲአርፒ የሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ለምን መግባት እንዳለብዎት በማስረጃ ያሳያሉ፤ ከ200 የካናዳ ዶላር በላይ ይከፍላሉ። ከአሜሪካ የሚሄድ ሰው ድንበሩ ላይም መጠየቅ ይችላል፤ መስጠትና መንሣት ግን የመኮንኑ ፈንታ ነው። ሁለተኛው ሪሃቢሊቴሽን ነው። ቅጣትዎን ከጨረሱ አምስት ዓመት ካለፈ ያመለክታሉ፤ ከተፈቀደልዎት ያ ጥፋት ለካናዳ አንድ ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ከተያዙበት ቀን አይደለም። ፕሮቤሽኑ ካለቀበት፣ የመጨረሻዋ መቀጫ ከተከፈለችበት ቀን ነው። 85 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ሳይከፍሉ ረስተው ከሆነ ቆጠራው ገና አልተጀመረም። ከክለርክ ቢሮ ወረቀት ሲያወጡ «ቀሪ ክፍያ አለብኝ ወይ?» ብለው አብረው ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ካናዳ ለሚቆም ብቻ እንዳይመስልዎ። ርካሽ ትኬት ሲገኝ በቶሮንቶ አድርጎ አዲስ አበባ የሚያስገባ ይኖራል። ለማለፍም ቢሆን ካናዳ መሬት ላይ ነው የሚወርዱት። ዲዩአይ ካለብዎት ትንሽ ጨምረው በቀጥታ የሚሄደውን፣ ከዳለስ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለው ኤርፖርት፣ የሚነሳውን ይያዙ።

እንግሊዝ በቁጥር ነው የምትሠራው። የትም አገር ይሁን 12 ወርና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበትን ሰው አታስገባም፤ ስንት ዓመት ቢያልፍም። ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎችም ኢቲኤ የሚባል ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የተፈረደበት ሰው እሱን አያገኝም። ጃፓን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበትን ትከለክላለች፤ ዕፅ ከሆነ ትንሽም ብትሆን። አውስትራሊያም 12 ወር ላይ ታቆማለች። የእነዚህን አገሮች ፎርም ሲሞሉ ወረቀትዎን አጠገብዎ አድርገው፣ ቀኑንና ቅጣቱን ከዚያ እያዩ ይሙሉ።

ፕሮቤሽን ላይ ያሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት የፕሮቤሽን ኦፊሰርዎን ያነጋግሩ። «እሺ ሂድ» የሚል የቃል ፈቃድ አይበቃም። በጽሑፍ ይሁን፤ አንዳንዴም የዳኛ ፊርማ ያስፈልጋል። አባት ታሞ ማየት በቂ ምክንያት ነው፤ የሐኪም ወረቀት ከአዲስ አበባ አስልከው ያያይዙ።

ስድስተኛ፦ የመመለሻው ቀን

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ መመለሻችሁን በሥራ ቀን አድርጉት። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቶ ዳለስ ጠዋት የሚገባው በረራ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ጠበቃው ቢሮ ነው፣ ፍርድ ቤቱም ክፍት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ስልክ አያነሣም። የጠበቃውን ቁጥር በወረቀት ይጻፉ፤ ስልክዎን ሊወስዱብዎት ይችላሉ። የወረቀቶቹን አንድ ኮፒ አሜሪካ ለሚቀር ሰው፣ ለሚስት ወይም ለእህት ይተዉ። ያ ሰው የትኛው በረራ ላይ እንዳሉ ይወቅ።

ሌላው ኮፒ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን። ቀይ በርበሬው መሐል የተቀበረ ዲስፖዚሽን አይረዳዎትም።

መኮንኑ ሴኮንደሪ ወደሚሉት ክፍል ከላከዎት አይደንግጡ። ወንበሮች የተደረደሩበት ክፍል ነው፤ ሰዓታት ሊያስቆይ ይችላል። እዚያ ከእርስዎ ጋር ጠበቃ የማስገባት መብት በአብዛኛው የለዎትም። ስለዚህ በደንብ የገባዎትን ብቻ ይመልሱ። እንግሊዝኛው ከከበደ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ «ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» አይበሉ። የማያስታውሱትን አይገምቱ። «ወረቀቱ ይኸው» ብለው ይስጡ። ውሸት አይናገሩ፤ ያልተጠየቁትንም አይዘርዝሩ።

አንድ ወረቀት ግን አለ። አይ-407 ይባላል። ግሪን ካርዴን በፈቃዴ መልሻለሁ የሚል ነው። ስሙ እንደሚለው በፈቃድ ነው። «ብትፈርም ይቀልሃል» ቢባሉም፣ ቢደክሙም፣ ቢራቡም አይፈርሙ። «ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጉዳዩን የኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲያይለት የመጠየቅ መብት አለው። ካርዱን ከወሰዱብዎት የመኖሪያ መብትዎን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ፣ ለምሳሌ ፓስፖርትዎ ላይ ማኅተም፣ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። አንዳንዴ ሌላ ቀን ቀጥረው ያሰናብታሉ፤ ቀጠሮው ላይ ከጠበቃ ጋር ይቅረቡ። አንዳንዴ ደግሞ፣ በተለይ በከባድ ጥፋት፣ እዚያው ሊያስሩ ይችላሉ። ይህን የምለው ላስፈራራ አይደለም። ጠበቃ ጋ ሳይሄዱ የሚወጡ ሰዎች ስላሉ ነው።

ሰባተኛ፦ ሰው የሚልከው ዕቃ

አዲስ አበባ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ባለው ማታ ቤቱ ይሞላል። አክስት ሽሮ ታመጣለች፣ ጎረቤት በሶ፣ አንዱ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ «ለወንድሜ አድርስልኝ፣ የደረቀ ቅጠል ነች» ይላል። ጫት ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጋዊ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ የተመደበ ዕፅ ነው። እንግሊዝ በ2014 ከልክላዋለች፤ ካናዳም አታስገባም። አንድ ሪከርድ ያለበት ሰው ሻንጣ ውስጥ ይህ ከተገኘ፣ እስካሁን ያወራነው ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። እንዳልኳችሁ ለዕፅ ያ ምሕረት የለም።

ስለዚህ ዕቃውን ሁሉ ይክፈቱት። ይሉኝታ ይዞዎት «ምንድነው?» ማለት ከከበደዎት በሩ ላይ ቆመው በፈገግታ «ኤርፖርት ላይ ሁሉንም ይከፍታሉ፣ እኔም ከፍቼ ነው የማሽገው» ይበሉ። ሽሮውን ወደ ሌላ ላስቲክ ይገልብጡ፣ በእጅዎ ይዳብሱት። የዕድራችን አባል ለአባቱ አርባ ሄዶ ሲመለስ እንዲህ ነው ያደረገው። እህቱ «ምን ሆነሃል፣ እኛን አታምንም?» ብላ ተቆጣች። እሱ ግን እያንዳንዷን ቋጠሮ ፈትቶ እንደገና አሰረ። ረቡዕ ጠዋት ዳለስ ሲደርስ መኮንኑ ካርዱን አይቶ ወደዚያኛው ክፍል ላከው። ወረቀቱን ከነ ደብዳቤው ሰጣቸው። ወጥቶ ሲደውልልኝ ሻንጣዎቹ ከማዞሪያው ወርደው ግድግዳው ሥር ተደርድረው እየጠበቁት ነበር።